አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ሳጥን

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አለ።

ይህን ቃል ከሰላምታ ማስቀደሜ ሥርዓት ጠፍቶኝ አይደለም። «ካለ አለ በይኝ፣ ከሌለ የለም በይኝ፣ አታባብዪኝ» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ደብዳቤ ሲያነቡ ደግሞ ጣትዎን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ አንዱን ቃል ሳያጣጥሙ ወደ ሌላው እንደማያልፉ አውቃለሁ። መልሱን መጨረሻው ገጽ ላይ ባስቀምጠው እርስዎ እዚያ ሳይደርሱ ጥምቀት ይደርሳል። ስለዚህ አለ። ኖዝሉ አለ። አዲስ ነው፤ ከነቅባቱ በወረቀት ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። የት እንደተኛ ስነግርዎ ይሳቁ ይናደዱ ስለማላውቅ እሱን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ። ወረፋ ማስጠበቅን ከማን እንደተማርኩት ያውቃሉ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ሰነበቱልኝ? እማዬስ? አሁንም ወገቧን በእጇ ደግፋ «ምንም አልሆንኩም» ትላለች? ወፍጮው ከቆመ ወዲህ መርሳ ድረስ እየተመላለሰች እንደምታስፈጭ ሰምቻለሁ። ያን ሁሉ ዘመን የወፍጮ ቤት እመቤት ሆና፣ ዛሬ መርሳ ላይ ስልቻዋን ይዛ ተራ ስትጠብቅ ሰው ሲያያት ደስ እንደማይላት ይገባኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጠንክሯል፤ ጾሙ ግን እየተገባደደ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በኅዳር መጨረሻ ነው። ፖስታውን ስከፍት ክው አልኩ። እስከ ዛሬ በእርስዎ ስም የሚጽፍልኝ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። «ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ለጤናችን አምላክ የተመሰገነ ይሁን» እያለ ገጹን ይሞላዋል፤ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። የአሁኑ የራስዎ እጅ ነበር። እንዲህ ይላል፤ እርስዎ ቢረሱት እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ለልጄ ለሸዋዬ። ደህና ነን። ወፍጮው ቆሟል። መካኒኩ ዓለምነህ ከወልድያ መጥቶ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ነው አለ። እስከ ጥምቀት ካልተነሣ ሞተሩ ተነቅሎ ለሌላ ማኅበር ይሰጥ ተብሏል። ቁጥሩን በከሰል አንስቼዋለሁ። ካለ አለ በይኝ። ከሌለ የለም በይኝ። አታባብዪኝ። አባትሽ ማሩ።»

የመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ እርስዎ ሽበት ጣል ጣል ያደረገብዎት አባት፣ ዱቄት የጠጣ ጋቢዎን እንደለበሱ ከልጅዎ ፊት ቁጭ ብለው ፊደል ሲቆጥሩ። ሸን ሲጽፉ እግሮቿን ከልክ በላይ ያስረዝሟቸው ነበር። «አባዬ፣ ይህቺ ሸ ነች ወይስ ግመል?» ስልዎ፣ «እግሯ የረዘመ ሩቅ ትሄዳለች» ብለው ዝም አሰኙኝ። በደብዳቤው ላይ በስሜ መጀመሪያ ያለችው ሸ እግሮቿ ዛሬም እንደረዘሙ ናቸው። አለቀስኩ፣ አባዬ። ከዚያ ወረቀቱን ለሥራ ባልደረባዬ ለቡርቱካን አሳየኋት፤ «አባቴ ራሱ የጻፈው ነው» እያልኩ ቀኑን ሙሉ አሰለቸኋት።

ከደብዳቤው ሥር የከሰሉ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ከተበላሸው ብረት ላይ አድርገው በከሰል ሲያሹት በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነጭ ሆኖ ወጥቷል። የፈረንጅ ፊደል ሳያውቁ ከዚህ የተሻለ ማን ይገለብጠዋል? አንዱ ፊደል ብቻ ተፍቆ ጠፍቷል። ያም የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ብረቱ ራሱ አርጅቶ ነው።

በዚያው ሰሞን ጋሽ አብዱልሐሊም መኪናቸውን ለጭነት ይዘው አዲስ አበባ መጥተው ነበርና ጠየቅኋቸው። «አባቴ እንዴት ነው?» አልኳቸው። ያውቋቸው የለ፣ መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አሉ፤ ከዚያ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አከኩ።

«አያ ማሩ እኮ ጧት ጧት ቁልፉን ይዞ ይመጣል» አሉኝ። «በሩን ይከፍታል። ሞተሩን በጨርቅ ይወለውላል። ከዚያ ያችን በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ‹አንተ ሰውዬ፣ ወፍጮው ቆሞ ምን ትሠራለህ?› ብለው ‹ሰው ቢመጣስ› አይለኝ መሰለሽ! ‹ወፍጮው አደነቆረኝ ስል ኖርኩ፤ የደነቆርኩት ግን አሁን ዝም ሲል ነው› አለኝ።»

ቀኝ ጆሮዎን የበላው ያ ሞተር ነው። ከመርሳ እስከ መንደራችን ግራና መንገድ ሳይወጣለት በፊት፣ አገሩን በደቦ ጠርተው በግንድ ላይ እያንከባለሉ ያመጡት እርስዎ ነዎት። ሲታመም ድምፁን መስማት ቢያቅትዎት መዳፍዎን ግድግዳው ላይ አድርገው «ዛሬ ቅባት ጠምቶታል» ይላሉ፤ ጠምቶትም ይገኛል። ስለዚህ የጠየቁኝ ስለ ቁራጭ ብረት እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ያችን በርጩማ ማን ይቀመጥባታል ነበር ጥያቄው።

አሁን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርዎት፤ ይህን ካልነገርኩዎት ነገሩ ግማሹ የእርስዎ መሆኑን አያውቁም።

ሰው ሲጠይቅዎት «ልጄ አዲስ አበባ የወረቀት ወፍጮ ታስፈጫለች» እንደሚሉ ጋሽ አብዱልሐሊም አጫውተውኛል። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ሳስበው ግን ለኮምፒዩተር ከዚህ የተሻለ ስም ያወጣለት የለም። በድርጅታችን በየቅርንጫፉ መጋዘን ያለው የወፍጮ፣ የፓምፕ፣ የትራክተር መለዋወጫ ሁሉ እዚህ ማሽን ውስጥ ተመዝግቧል። እኛ የምንፈልገውን ጽፈን እናዘዋለን፤ እሱ መዝገቡን ሁሉ አገላብጦ የሚመሳሰለውን ያወጣል። የምናዝበትን ቋንቋ ‹ሼል› ይሉታል፤ ቅርፊት ማለት ነው። «ፍሬውስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፍሬው ከውስጥ ነው፤ እኛ ቅርፊቱን እያንኳኳን ነው የምናናግረው።

የተፋቀው ፊደል አላስቸገረኝም። ግራና ላይ ሴቶች ወረፋ ይዘው ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው አይደል የሚሄዱት? ድንጋዩን ያየ ሁሉ «እዚህ አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቦታው ግን ተይዟል» ብሎ ያልፋል። የዚህም ማሽን ቋንቋ እንዲህ ያለ ድንጋይ አለው፤ አንዲት ነጥብ ናት። ነጥቧን ያስቀመጡበት ቦታ ማንም ፊደል ቢቆም ማሽኑ ይቀበለዋል። እናም ኬ፣ ቢ፣ ድንጋይ፣ ኤል፣ ሰባት፣ አራት ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ፈርቼ ድንጋዩን አብዝቼው ነበር። «ምናልባት ቢውም ቢ ባይሆንስ፣ ሰባቱም ሰባት ባይሆንስ» እያልኩ በየቦታው ነጥብ ደረደርኩ። ማሽኑ የማረሻ ብሎን፣ የትራክተር ጎማ፣ የወንፊት ሽቦ፣ የሌለ ነገር የለም፣ ያለ ማቋረጥ ያወርደው ጀመር። እማዬ የእህል ማውረጃውን መዝጊያ መዝጋት ረስታ ወፍጮ ቤቱ በማሽላ የተሞላበት ዕለት ማለት ነው። ሰበሰብኩና አንድ ድንጋይ ብቻ፣ በተፋቀው ፊደል ቦታ አስቀመጥኩ።

አሁን ደግሞ ምንም አልወጣም። ይህ ማሽን ሲያጣ «የለም» እንኳን አይልም። ዝም ይላል፤ ዝም ብሎ ሌላ ትእዛዝ ይጠብቃል። ጋሽ አብዱልሐሊም የነገሩኝ የወፍጮው ዝምታ ትዝ ብሎኝ ያን ሰዓት ማሽኑን ጠላሁት።

ጓድ ወንድሙን ጠራኋቸው። የክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽር የሚፈልጉ ደግ ሰው።

«ዝም ካለ የለም ማለት ነው፣ ሸዋዬ» አሉኝ። «ከውጭ አገር እንዘዝላቸው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«መርከቡ ካልዘገየ ሰኔ።»

«እስከ ጥምቀት ካልደረሰ እኮ ሞተሩን ይነቅሉታል!»

«ታዲያ መርከቡን እኔ አልነዳው፣ ልጄ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ወረቀት አወጣሁና «ውድ አባዬ፣ የለም» ብዬ ጻፍኩ። አላባብልም ብዬ ነበርና አላባበልኩም። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምጽፍ ግን አጣሁ። ምን ልበል? «በርጩማዋን ወደ ቤት ይውሰዷት» ልበል? ወረቀቱን አጥፌ ከመሳቢያው ከተትኩት።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ቡርቱካን ዳቦና ሙዟን ልትዘረጋ እንደ ልማዷ አንድ አሮጌ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች። እኔ አልራበኝም፤ ወረቀቱን አያለሁ። ከወልድያ መጋዘን በስልክ ሽቦ ተጽፎ የመጣ የዕቃ ዝርዝር፣ ቴሌክስ ነው። ዳቦው ከአንድ በኩል፣ ሙዙ ከሌላ በኩል፣ በመሐል ፊደሎቹ ትልልቅ ሆነው ተደርድረዋል።

«ቡርቱካን፣ ይህ ለምንድን ነው እንዲህ የጮኸው?»

«ቴሌክስ ነዋ! ቴሌክስ ትንሽ ፊደል የት ያውቃል? ሁሉንም በትልቁ ነው የሚጽፈው።»

«ወደ ማሽኑ ስታስገቢውስ?»

«እንደ መጣ ገለበጥኩት። ‹እንደ መጣ ገልብጪ› አይደል የሚሉን?» አለችና ዳቦዋን ገመጠች። «ምን ዋጋ አለው፣ የወልድያ መጋዘን እንደሆነ አቧራ እንጂ ዕቃ የለበትም። በተጠየቀ ቁጥር ማሽኑ ዝም ነው።»

አባዬ፣ ወልድያን በአቧራ ስትሰድብብኝ ደሜ ፈላ። ግን ከንዴቱ ይልቅ ያሳሰበኝ «በተጠየቀ ቁጥር ዝም ነው» ያለችው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳዎት። እርስዎ ሀ ሁ ሲቆጥሩ ትልቅ ሀ፣ ትንሽ ሀ የሚባል ነገር አልነበረብዎትም። የፈረንጅ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት መልክ አለው፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ስማቸው አንድ፣ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ብቻ ሁለት። ሰው ሲያነባቸው ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ማሽን ግን ሞኝ ነው፤ ትልቁንና ትንሹን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። የሌሎቹ ቅርንጫፎች ዝርዝር በእጅ ተጽፎ በፖስታ ይመጣል፤ እኛ ወደ ማሽኑ ስናስገባው ትልቁን ፊደል ለመጻፍ ሌላ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ስለሚያታክት ሁሉንም በትንሹ እንጽፈዋለን። ስንፈልግም በትንሹ እንፈልጋለን። የወልድያው ብቻ በቴሌክስ መጥቶ በትልቁ ገብቷል። በትንሹ የጠየቀ ሁሉ ወልድያን ባዶ ሆኖ ያገኘው ለዚህ ነው።

ይህን ያወቅሁት ግን ኮምፒዩተር ስለተማርኩ አይደለም። እትዬ እልፍነሽ ትዝ ብለውኝ ነው።

ያስታውሱ ከሆነ፣ ደሳለኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር የሆነ ሰሞን ነው። «ወፍጮ ቤቱ ሥርዓት ይያዝ» ብሎ ትልልቁ ማዳበሪያ ከቀኝ፣ ትንንሹ ከረጢት ከግራ ይሁን አለ። ለዓይን ያምር ነበር። እትዬ እልፍነሽ በትልቁ ማሽላ፣ በትንሹ ለአራስ ልጃቸው የገንፎ እህል አምጥተው ነበር። ማሽላውን አገኙት፤ ትንሿ ከረጢት ግን ጠፋች። ሰዉ ሁሉ የሚፈልገው ማሽላው ከነበረበት ከቀኝ በኩል ነው፤ አንዱን ማዳበሪያ አንስቶ ሌላውን ይጥላል። እትዬ እልፍነሽ «አራሷን ምን ላጉርሳት?» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እርስዎ በቀኝ ጆሮዎ ስላልሰሙ ዘግይተው መጡ። የማሽላውን አፍ ያሰረውን ቀይ ብጣሽ ጨርቅ አዩና በቀጥታ ወደ ግራው ክምር ሄደው ቀይ ጨርቅ ያለባትን ከረጢት መዘዙ።

«ደሳለኝ» አሉት፣ «ስልቻ ቁመቱን አይጠየቅም። ቤቱን ነው የሚጠየቀው።»

ማንበብ ሳያውቁ በፊት ያወጡት ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ የራሱ ጨርቅ አለው፤ የአንድ ቤት ስልቻ ትልቅም ይሁን ትንሽ በዚያው ጨርቅ ይታሰራል። ጨርቁ ደግሞ አይቆረጥም፤ ይፈታል፤ ለሚቀጥለው ገበያ ያስፈልጋልና። ማንበብ ከቻሉ በኋላ እንኳን ማኅበሩ «ቲኬት ይጻፍ» ሲል «ቲኬት ዱቄት ይበላዋል» ብለው እንቢ አሉ። ደሳለኝም ያን ቀን ሳቀ እንጂ አልተቀየመም፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን የራሱ አድርጎ በየስብሰባው ይናገረዋል።

እናም የቡርቱካንን ሙዝ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። በየፊደሉ ቦታ ቅንፍ ከፍቼ ትልቁንና ትንሹን ጎን ለጎን አቆምኳቸው፤ «እዚህ ቦታ ትልቁ ኬ ቢመጣም አስገባው፣ ትንሹ ኬ ቢመጣም አስገባው» ማለት ነው። ቀጥሎ ቢን፣ ከዚያ ድንጋዬን፣ ከዚያ ኤልን። ቡርቱካን በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ታያለች።

«ምን ያለፋሻል?» አለችኝ። «አንዲት ሰረዝና አንዲት ፊደል ብትጨምሪ እኮ ማሽኑ ትልቅና ትንሹን ጭራሽ አያይም። ኮርሱ ላይ ተምረናታል።»

ተምረናታል፤ ማን አስታወሳት? ያን ሁሉ ቅንፍ አጠፋሁና እሷ እንዳለችኝ አደረግሁ። ቁልፉን ስጫን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የገለጥኩት ቡርቱካን ጀርባዬን በቡጢ ስትመታኝ ነው።

አንድ መስመር ወጥቷል። ኖዝል። ቁጥሩ እርስዎ በከሰል ያነሱት ቁጥር። የተፋቀው ፊደል ኤም ኖሯል። ብዛት አራት። ቦታ፣ ወልድያ።

ወልድያ፣ አባዬ! ጨው ሊገዙ ሲሄዱ አህያዎን የሚያስሩበት ያ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ አይደል? ከጀርባው ያለው ሰማያዊ በር። እዚያ ነው። እርስዎ አህያ ሲያስሩ፣ ዓለምነህ ከማዶ ጋራዡ ሆኖ መኪና ሲፈታ፣ ኖዝሉ ከበሩ ኋላ ተኝቶ ነበር። ዓለምነህ ገብቶ ጠይቆም ነበር አሉ። መጋዘን ጠባቂው ግን ከዚህ ትእዛዝ ካልመጣለት «አለ» ማለት አይፈቀድለትምና «አዲስ አበባን ጠይቁ» ብሎ መለሰው። እኛን ሲጠይቁን ደግሞ የእኛ ማሽን ዝም። አሁን ሳቁ ወይስ ተናደዱ? እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

ጓድ ወንድሙ ሲመለሱ መስመሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ወንበር ስበው ጎኔ ተቀመጡና «እስቲ ባለፈው ዓመት የለም ብለን የመለስናቸውን ሁሉ ደግመሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ። ማታውኑ ትእዛዞቹን በተራ ጽፌ አዘጋጀሁ፤ በማግስቱ ማሽኑ ሲፈጭ ዋለ። የውርጌሳ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ መዘውር ወጣ። የሌላ አገር ወፍጮ ቀበቶ ወጣ። በየመስመሩ ጓድ ወንድሙ «አለ! አለ!» እያሉ ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ ቡርቱካን ደግሞ «ወልድያዬ ይቅር በዪኝ» እያለች ትስቃለች። እንዲህ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን በሥራዬ ላይ የለም። ለካ ይህ ሥራ የእርስዎ ሥራ ኖሯል፤ ለባለቤቱ የእጁን መልሶ መስጠት። ልጅዎ መሆኔን እወደዋለሁ፣ አባዬ። ፊት ለፊት ብነግርዎ «እህሉን አፍሺ» ብለው ወሬ ስለሚያስለውጡኝ በጽሑፍ ነግሬዎታለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የማውጫ ትእዛዙ ተፈርሞ ወጥቷል፤ ደግመው ለጭነት የመጡት ጋሽ አብዱልሐሊም ይዘውታል። ወደ ወልድያ ሲያልፉ ይህን ደብዳቤ መርሳ ላይ ለእማዬ ይሰጣሉ፤ በማግስቱ ሳጥኑን ከወልድያ ተረክበው ዓለምነህን አሳፍረው ይመለሳሉ። «ኬላ ላይ ቢያቆሙዎትስ?» ብላቸው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ የአያ ማሩ ወፍጮ ነው ስል ወታደሩም ዱቄት በላተኛ ነው፣ ያሳልፈኛል ኢንሻአላህ» አሉኝ። እርስዎ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ማግስት ከሰዓት በኋላ አህያዋን ይዘው መርሳ መኪና ማቆሚያው ጋ ይጠብቁ።

ሳጥኑን እንዴት እንደሚለዩት ልንገርዎ። ወደ አዲስ አበባ የመጣሁ ዕለት ከእማዬ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደውን የእኛን ቤት አረንጓዴ ጨርቅ ከሻንጣዬ እጀታ አሥረውልኝ ነበር። እኔ «አባዬ፣ ሻንጣ እኮ ስልቻ አይደለም፣ ይስቁብኛል» ብዬ ነበር፤ እርስዎ ግን ቋጠሮውን አጠበቁት። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ከመኪናው ጣሪያ ላይ የወረደው ሻንጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ነበር። ተሸካሚው ሁሉ ይጮኻል፤ ሰው ሁሉ ይጎትታል። እኔ አረንጓዴውን አየሁና «ያ የኔ ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ከአልጋዬ ራስጌ ታስሮ ነው የኖረው።

ዛሬ ፈትቼ ለጋሽ አብዱልሐሊም ሰጥቻቸዋለሁ። ወልድያ ላይ ሳጥኑን ሲረከቡ ያሥሩበታል። ከመኪናው ላይ ብዙ ጭነት ይኖራል፤ ሳጥኑ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ከአንድ የሽሮ ከረጢት አይበልጥም። በላዩ ላይ የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል፣ ያውም በትልቁ ነውና እሱን ለማንበብ አይድከሙ። ቤቱን ይጠይቁ።

ሞተሩ ሲነሣ በግራ ጆሮዎ ካልሰሙት መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያድርጉ። እማዬን በመጀመሪያው ወረፋ ያስቁሟት፤ መርሳ ድረስ የተመላለሰችበት ካሣ ይሁናት። ሊቀመንበር ደሳለኝንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የማኅበሩ ውሳኔ አስከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ።

ጓድ ወንድሙ ለጥምቀት ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ የይለፍ ወረቀቴም ወጥቶልኛል። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ። ኖዝሉን ለማውጣት ሲቸኩሉ ጨርቁን በቢላዋ እንዳይቆርጡት። ቀስ ብለው ይፍቱልኝና እዚያው ከበርጩማዋ አጠገብ ይስቀሉልኝ፤ ስመለስ ለሻንጣዬ ያስፈልገኛል።

እግሯ የረዘመው ልጅዎ፣
ሸዋዬ ማሩ